የእንጨት ሥራ በቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ በግቢው፣ በበረንዳው ወይም በመኪና ማቆሚያው እንጨት መሥራት የጀመረ ሰው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ለመጀመር የግድ የሚያስፈልጉኝ መሣሪያዎች የትኞቹ ናቸው?

ሜትር፣ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን ማስመሪያ)፣ እርሳስ፣ አንድ የእጅ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ሁለት መሮ (አንድ ቀጭን፣ አንድ ሰፊ)፣ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ እንዲሁም እንጨት አጣብቀው የሚይዙ ሁለት ሞርሴቶ። በቃ። በእነዚህ በርጩማም፣ መደርደሪያም፣ ረከቦትም ይሠራል። ከኤሌክትሪክ መሣሪያ መጀመሪያ የሚገዛው ድሪል ነው። ሌላው ሁሉ ሥራው ራሱ ሲጠይቅ ይደርሳል።

ከዝርዝሩ ውስጥ ሰው የሚንቀው ስኳድራን ነው። መጋዙ ጎበዝ ቢሆን እንኳ ስኳድራው ካበለ ሳጥኑ ጠማማ ይሆናል። እዚያው ሱቅ ውስጥ ፈትኑት። ቀጥ ያለ የጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፉና መስመር አስምሩ። ከዚያ ገልብጡትና ከዚያው ነጥብ ተነስታችሁ ሌላ መስመር አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ ግዙት። ወደ ላይ እየተራራቁ ከሄዱ ለባለሱቁ መልሱለት። ቢቆጣም ይቆጣ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የት ነው የምሠራው?

በረንዳ ይበቃል፤ ግን ሥራውን ከቦታው ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። የእጅ መጋዝና መላጊያ ጎረቤት አይቀሰቅሱም። መሮ በመዶሻ መምታት ግን ፎቅ ለፎቅ ያስተጋባል። ከጠረጴዛው እግር ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አድርጉ፣ የሚመታውን ሥራም ለቅዳሜ ከሰዓት አቆዩት።

ትልልቁን መቁረጥና መላግ ሰፈር ያለ እንጨት ቤት ይሥራላችሁ። አብዛኞቹ ገንዘብ ከተከፈላቸው የሰው ጣውላ ሰንጥቀው ልገው ይሰጣሉ። ስፋቱንና ውፍረቱን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፤ በቃል የተነገረ ልክ ማሽኑ ጋ እስኪደርስ ይለወጣል። እናንተ ቤት የሚቀረው ማጋጠሙ፣ ማጣበቁና ማለስለሱ ነው። ጣፋጩም ክፍል እሱ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አትቆጥቡ፦ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ። ከፍታው ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የእጃችሁ አንጓ የሚደርስበት አካባቢ ይሁን። ለብዙ ሰው ይህ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠረጴዛው ከተወዛወዘ መላጊያው ይዘላል፣ መጋዙም ከመስመር ይወጣል፤ ጥፋቱ የእጃችሁ ይመስላችኋል።

አዲስ መሣሪያ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?

መላጊያና መሮ ያገለገለ፣ መጋዝ አዲስ። ምክንያቱም የድሮ መላጊያና መሮ ብረታቸው ብዙውን ጊዜ ዛሬ በርካሽ ከሚሸጠው ይሻላል፣ ዝገታቸውም ላይ ላዩን ነው። ምናለሽ ተራ በትዕግሥት የሚዞር ሰው ጥሩ መላጊያ ያገኛል። ሲገዛ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ የሚቆርጠው ብረት ተስሎ ተስሎ አልቆ እንዳይሆን ምን ያህል እንደቀረው ማየት። ሁለተኛ፣ የብረቱ አካል በተለይ ምላጩ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ እንዳልተሰነጠቀ መፈተሽ። የተሰነጠቀ አይጠገንም። የዛገውን ግን ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ እጠቡት፣ ወዲያው አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት።

መጋዝ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ የጥርሳቸው ጫፍ ጠቆር ብሎ የሚታየው በሙቀት እንዲጠነክር ስለተደረገ ነው። ለረጅም ጊዜ ይቆርጣሉ፤ አንዴ ከዶለዶሙ ግን ሞረድ አይነካቸውም። ያገለገለ እንዲህ ያለ መጋዝ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ጥርሱ ያልጠቆረ የድሮ መጋዝ ካገኛችሁ በሦስት ማዕዘን ሞረድ የሚስልላችሁ አናጢ ፈልጉ።

መሮና መላጊያ በቤት ውስጥ እንዴት ይሳላል?

ብዙ ሰው እንጨት ሥራ የሚያስጠላው በዱልዱም መሮ ስለሚጀምር ነው። አዲስ የተገዛ መሮ ራሱ አልተሳለም፤ ከፋብሪካ የወጣው ግምታዊ ቅርጽ ይዞ ነው።

ውድ ድንጋይ አያስፈልግም። ወፍራም መስታወት ቁራጭ ፈልጉ። ውሃ የሚችለውን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት በሦስት ደረጃ ግዙ፦ 400፣ 1000 እና 2000። ወረቀቱን ውሃ ረጭታችሁ መስታወቱ ላይ ለጥፉት። መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ ከጫፉ ወደ ውስጥ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሙሉ ለሙሉ ተጋድሞ እስኪያበራ ፈትጉ። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። ከዚያ ሰያፉን ጎን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይዛችሁ 400ው ላይ ሂዱ። ማዕዘኑን ያለ መለኪያ ማወቂያ ዘዴ አለ፦ የሰያፉ ርዝመት የብረቱን ውፍረት እጥፍ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው። ብረቱ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሰያፉ 8 ሚሊ ሜትር።

መቼ ይበቃል? ጀርባውን በአውራ ጣታችሁ ከላይ ወደ ጫፉ ስትዳብሱ ቀጭን ሻካራ ጠርዝ ሲሰማችሁ። ያ የታጠፈ ብረት ነው፤ ስለቱ ከዳር እስከ ዳር እንደደረሰ ይናገራል። እሱ ሳይሰማ ወደ 1000 መሻገር ጊዜ ማባከን ነው። 2000ው ላይ ጨርሳችሁ ጀርባውን አንድ ሁለቴ በጠፍጣፋው ፈትጉ፣ ከዚያ አሮጌ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየጎተታችሁ አለስልሱት። ለስላሳ እንጨት በአቋራጭ፣ ማለትም ቀለበቱ በሚታይበት ጫፍ በኩል፣ በእጅ ግፊት ብቻ ቆርጦ የሚያበራ ገጽ ከተወ ተስሏል።

ለጀማሪ የሚሆነው የትኛው እንጨት ነው?

ግራቪሊያ። ቡና ጥላ ሥርና በየገበሬው አጥር የሚተከለው ዛፍ ነው። ለመጋዝም ለመላጊያም ይመቻል፣ ገጹ ላይ የሚያምር ነጠብጣብ ዥንጉርጉር አለው። አንዳንድ ሰው ግን ቆዳውን ያሳክከዋል፣ እጅጌ ያለው ልብስ አይጎዳም። የፈረንጅ ጥድም ቀላልና ሽታው ደስ የሚል ነው፤ ጉጡ ግን መላጊያን ይፈትናል።

በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በየቦታው ስላለና ስለሚረክስ ሰው ወደሱ ይሮጣል። ለአጥር፣ ለጣሪያና ለመወጣጫ ወደር የለውም። ለጠረጴዛና ለመሳቢያ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም።

ዋንዛ ከሁሉም ይበልጣል። ቀለሙ ሞቅ ያለ ነው፣ ሲደርቅ ብዙ አያስቸግርም፣ መሮ ይወዳል። ግን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሀበሻ ጥድ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ በስማቸው ተጠቅሰው ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ጥበቃ የተደረገላቸው ዛፎች ናቸው። ስለዚህ ምንጩን ጠይቁ። ከፈረሰ የድሮ ቤት የወጣ የዋንዛ በር ወይም ቁም ሣጥን ካገኛችሁ ግን አትለፉት። ለብዙ ዓመት የደረቀ እንጨት በገንዘብ አይገኝም። ከመላጋችሁ በፊት ሚስማሩን በማግኔት ፈልጉት፤ አንድ የተደበቀ ሚስማር የምላጩን ስለት ይበላል።

ቀጥ ብሎ የገዛሁት ጣውላ ቤት ከገባ በኋላ ለምን ተጣመመ?

እርጥብ ስለነበረ። እዚህ ከተማ የሚሸጠው ጣውላና ሞራሌ ብዙው ከተሰነጠቀ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ ምንም አይቀንስም ማለት ይቻላል። በስፋቱ ግን ይቀንሳል፣ አንዱ ፊት ከሌላው ቀድሞ ከደረቀ ደግሞ ይጎብጣል።

መድኃኒቱ ጊዜ ነው። ጣውላዎቹን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ። በየሽፋኑ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች፣ አንዱ በአንዱ አናት ላይ ልክ እንዲያርፍ አድርጋችሁ፣ በየ50 ሴንቲ ሜትር ግድም አስገቡ። ከላይ ከባድ ነገር ጫኑ። የግራና የቀኙን ጫፍ ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ቀቡት፤ ውሃ ቶሎ የሚወጣው በጫፉ ስለሆነ እዚያ ነው የሚሰነጠቀው። ጥላ ይሁን፣ አየር ይለፍበት፣ ፀሐይ አይምታው። የቆየው ልማድ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይላል። ይህን ያህል መታገሥ ካልቻላችሁ አንድ ቁራጭ ለይታችሁ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም የቤታችሁን አየር ለምዷል ማለት ነው።

ከደረቀም በኋላ እንጨት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ነሐሴ ላይ በሩ አልዘጋ አለ ብላችሁ ቶሎ አትላጉት። ነሐሴ ላይ ልክ የሆነ በር ጥር ላይ ንፋስ ያስገባል። ለዚሁ ነው የጠረጴዛ ፊት ከእግሩ ጋር በሚስማር ግጥም ተደርጎ የማይመታው። ቪቴው የሚገባበትን ቀዳዳ ሞላላ አድርጉት፤ እንጨቱ የሚላወስበት ቦታ ይኑረው።

ኮምፔንሳቶ፣ ኤምዲኤፍ ወይስ ቺፕውድ?

ለመሳቢያ ወለልና ለቁም ሣጥን ጀርባ ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት)። ቀለም ለሚቀባ በር ኤምዲኤፍ (ደቃቅ የእንጨት ጭረት በሙጫ የተጨመቀበት)። ቺፕውድ (የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ የተጨመቀበት) ውሃ ከነካው አብጦ ይፈራርሳል፤ ወጥ ቤት አታስገቡት።

ከፓሌት የቤት ዕቃ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ማኅተሙን ካያችሁ በኋላ። በዓለም አቀፍ ንግድ የሚዘዋወር ፓሌት (ዕቃ ተደርድሮ የሚጫንበት የእንጨት መደብ) ነፍሳት እንዳይዝ መታከም አለበት፣ የታከመበትም መንገድ በእንጨቱ ላይ በሁለት የላቲን ፊደል ይታተማል። ኤች እና ቲ ከሆነ በሙቀት ነው የታከመው፣ ችግር የለውም። ኤም እና ቢ ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ነው፤ ቤት አታስገቡት፣ አታንድዱትም። ማኅተም የሌለው ወይም ዘይትና ኬሚካል የፈሰሰበት ደግሞ ምን እንደተሸከመ አይታወቅም። ለልጅ አልጋና ለምግብ ዕቃ አይሁን።

ኮላ ብቻ ይይዛል ወይስ ሚስማር ልጨምር?

ነጩ የእንጨት ኮላ ጎን ለጎን በተጋጠመ ንጹሕ እንጨት ላይ ከራሱ ከእንጨቱ ይጠነክራል። ሰብራችሁ ብትሞክሩት እንጨቱ ነው የሚሰበረው። ደካማ የሚሆነው በጫፍ በኩል ነው፤ ቀለበቱ የሚታይበት ገጽ ኮላውን ይጠጣዋል። እዚያ ወንዴና ሴቴ አድርጎ ማጋጠም ወይም ክብ የእንጨት ችንካር ማስገባት ያስፈልጋል። ሚስማር ኮላው እስኪደርቅ ይይዛል እንጂ ለብቻው የወንበር እግር አያኖርም።

ሞርሴቶውን ቢያንስ አንድ ሰዓት አትፍቱ። ክብደት ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ይደር። የተረፈውን ኮላ እርጥብ ሳለ በጨርቅ ጥረጉት፤ ከደረቀ በኋላ ቀለምም ቫርኒሽም አይቀበልም፣ ነጭ ነቁጥ ሆኖ ይቀራል።

ጎረቤት መሣሪያ አውሰኝ ሲለኝ ምን ልበል?

መዶሻና ካቻቢቴ ለውሰት የሚሆን ሁለተኛ አስቀምጡ። እምቢ ማለት አይቻልማ። መሮ ግን አይወጣም። የተዋሰ መሮ ወይ የቀለም ጣሳ ይከፍታል ወይ ግድግዳ ይፈነቅላል። ጎረቤት «ልጄ፣ ያቺን ብረትህን አንዴ ስጠኝማ» ካሉ፣ «እማማ፣ እኔው መጥቼ አስተካክለዋለሁ» ማለት ይሻላል። አንድ የተንጋደደ መስኮት፣ አንድ ቡና፣ የሰፈር ወሬ፤ መሮውም ከእጃችሁ አይወጣም።

አቧራው ይጎዳል? ሰጋቱራውንስ ምን ላድርገው?

ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ በዋናነት የሚጠቃው አፍንጫና በዙሪያው ያለው ክፍል ነው። በመጋዝ የሚወጣው ትልልቁ ፍርፋሪ ሳይሆን በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱ የሚነሣው፣ በመስኮት ጨረር ላይ ብቻ የሚታየው ደቃቅ አቧራ ነው አደገኛው። የጨርቅ ጭምብል አያቆመውም። ኤን 95 የሚባለውን አድርጉ። በመላጊያ የሚጨረስ ገጽ በወረቀት አትፈትጉ፤ መላጊያ ጥቅልል ያወጣል እንጂ አቧራ አያነሣም። ለዚህ ነው በተለይ ሕፃን ባለበት ቤት ከማሽን ይልቅ የእጅ መሣሪያ የምመርጠው።

ከንጹሕ ጣውላ የወጣ ሰጋቱራ ለዶሮ ቤት ወለል ጥሩ ነው። የኤምዲኤፍና የቺፕውድ ግን ሙጫ ስላለበት ለዶሮም ለምድጃም አይሆንም።

የተልባ ዘይት ለእንጨት መቀባት ይቻላል?

ከሚቀቡት ሁሉ ከጥንቱ ነው፣ አሁንም ጥሩ ነው። ተልባ አየር ሲያገኝ ደርቆ የሚጠነክር ዘይት ስለሆነ እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። የሚረጋው የምግብ ዘይት (ፓልም) ግን አይደርቅም፣ እየቆየ ይቆመጥጣል። ከቀለም መሸጫ ሳይሆን ለምግብ የተጨመቀ ንጹሕ የተልባ ዘይት ለመክተፊያና ለእንጨት ማንኪያም ይሆናል። በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የቀረውን ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ ቀናት ጠብቁና ድገሙ። ወፍራም ከቀባችሁ ለወራት እጅ ላይ ይጣበቃል። ቀለም መሸጫ የሚገኘው ቶሎ እንዲደርቅ ማድረቂያ የተጨመረበት ለቤት ዕቃ ነው እንጂ ለምግብ ዕቃ አይደለም። ወዝ ከፈለጋችሁ አንድ እጅ የንብ ሰም በአራት እጅ ዘይት፣ በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን የፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጡ።

አሁን ዋናውን አንብቡ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። የጠረጋችሁበት ጨርቅ ተጨባብጦ ጥግ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ራሱ ይነድዳል። ተረት አይደለም፤ በዚህ የተቃጠሉ የእንጨት ቤቶች አሉ። ጨርቁን ውጭ ሽቦ ላይ ዘርግታችሁ እስኪደርቅ ተዉት ወይም ውሃ በሞላበት ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ክተቱት።

ግራይንደር ላይ የእንጨት መቁረጫ ጥርስ ማሰር ይቻላል?

አይቻልም። ሲደረግ አይታችሁ ይሆናል፤ ሱቅም ይሸጥ ይሆናል። መልሱ ግን አይለወጥም።

ትንሹ ግራይንደር ያለ ጭነት በደቂቃ 11,000 ገደማ ይዞራል። ለእንጨት የተሠራው ክብ የእጅ መጋዝ ግማሹን ያህል ነው የሚዞረው። በዚያ ላይ ክብ መጋዝ ጠፍጣፋ መቀመጫ አለው፣ ጣውላው ላይ አርፎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግራይንደር በአየር ላይ ነው የሚያዘው። ጥርሱ ጉጥ ሲያገኝ ወይም ጣውላው ጨምቆ ሲይዘው ማሽኑ ወደ ያዘው ሰው ይወረወራል። ጣት ከማብሪያው ላይ እስኪነሣ አይጠብቅም። ትልቅ ጥርስ እንዲገባ መከላከያውን ፈትቶ መጣል ደግሞ የተለመደ ነው፤ ያኔ በፊትና በምላጩ መካከል ምንም የለም።

ግራይንደር ብረት ይቁረጥ። ኤሌክትሪክ ካስፈለጋችሁ ክብ መጋዝ ወይም ጂግሶው ግዙ። ሌላም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ፦ በሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንት አይደረግም። ምላጩ ጓንቱን ከያዘ እጁን ይዞ ይገባል። ረጅም እጅጌ ይጠቅለል፣ ነጠላና ስካርፍ ይውለቅ፣ መነጽር ይደረግ።

ዘመድ ከአሜሪካ ድሪል ልላክልህ አለኝ። እዚህ ይሠራል?

በሽቦ የሚሠራ ከሆነ በቀጥታ አይሠራም። የእነሱ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። አዳፕተር የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፣ እሱን ሰክቶ ማብራት ማሽኑን ማቃጠል ነው። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አቅሙም ከማሽኑ መብለጥ አለበት። ማሽኑ ላይ 15 አምፒር ከተጻፈ በ120 ሲባዛ 1,800 ዋት ይሆናል። 3,000 ዋት ትራንስፎርመር ካልሆነ ይግላል። ካርቦን ያላቸው ድሪል፣ ግራይንደርና ክብ መጋዝ በትራንስፎርመር ደህና ይሠራሉ። ቆሞ የሚሠራ፣ ካርቦን የሌለው ትልቅ ሞተር ያለው ማሽን ግን በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ ከስድስት አምስት እጅ ይሆናል፣ ይሞቃልም። ያን እዚያው ይተዉት።

ባትሪ ያለው ይሻላል። ድሪሉ የሚሠራው በባትሪው ስለሆነ ጥያቄው ቻርጀሩ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ያለ ስጋት ይሰካል። 120 ብቻ ካለ ለ220 የተሠራ የዚያኑ ማርክ ቻርጀር ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ አስመጡ፤ ሁለቱም ከእኛ ጋር የሚስማማ ቮልት አላቸው። አሜሪካ 20 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው ሌላው ዓለም 18 ከሚለው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ተጨማሪ ጉልበት አለው ብላችሁ አትክፈሉ።

መንገደኛ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ድሪሉ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪዎቹ ግን እዚያ አይፈቀዱም፣ ጫፋቸው በፕላስተር ተሸፍኖ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገቡት። ወሰኑ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ 100 ዋት ሰዓት ነው። 18 ቮልት በ5 አምፒር ሰዓት 90 ይሆናል፣ ያልፋል። 9 አምፒር ሰዓት የሆነው ግን 162 ስለሚደርስ ኤርፖርት ላይ ይቀራል።